የአዴ ፋጡማ ጣት

ኢፍቱ የሞተችው ልቧ ስለታመመ ብቻ አይደለም። የእናቷ ጣት እንደ ጣት ስላልተቆጠረ ነው። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ስናገር የሰማኝ ሁሉ «ተይው፣ ያኔ ጊዜው እንዲያ ነበር» ይለኛል። ወረቀቱን የመለሰው ጊዜ አይደለም። መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው የመለሰው፤ አይቼዋለሁ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ።

ባለፈው ክረምት የልጄን ልጅ ቶንሲሏን ልታስወጣ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ኮሪደሩን ሲያጥቡት ደረስን፤ የበረኪናውና የአልኮሉ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ዘርግታ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለችኝ።

«እኔ እኮ አያቷ ነኝ» አልኳት።

«ይበቃል እማማ። አሳዳጊ ከሆኑ ይበቃል።»

እስክሪብቶውን ይዤ ወረቀቱን አየሁት። ነርሷ መጻፍ የማልችል መስሏት፣ እንዳላፍር ብላ በቀስታ የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ሰማያዊ ነው። ያን ጊዜም ሰማያዊ ነበር።

ያን ዓመት አሥር ዓመቴ ነው። የሶማሌ ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም፤ ኩባዎቹ ገና ሐረር ነበሩ። ከአባቴ ጋር ከሸዋ በር ውጭ እንኖር ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ነው የሞተችው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ያርማል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀዩ እስክሪብቶ ሲመላለስ አያለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የወረቀት ድምፅ ብቻ ነበር።

ጉሮሮዬን ቶሎ ቶሎ ያመኝ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ያብጥ ጀመር፤ አንዱ ሲሻለው ሌላው ይቀጥላል። ጎረቤቶች «ዕድገት ነው፣ ልትረዝም ነው» አሉ፤ እኔም ስነቃ በሩ አጠገብ እየቆምኩ መርዘሜን እለካ ነበር። በመኸር መግቢያ አንድ የበሰበሰ መንጋጋዬን ገበያ ውስጥ ጥርስ የሚነቅል ሰው በጉጠት ነቀለልኝ። አላለቀስሽም ብሎ አባቴ ሙዝ ገዛልኝ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ አልለቅ አለኝ። ቀን እንደ ደህና ሰው እውላለሁ፣ ሲመሽ እንቀጠቀጣለሁ፣ ሲነጋ ቀሚሴ በላብ ርሶ ይገኛል። ከሳሁ። በመጨረሻ አባቴ ተሸክሞ ወሰደኝና ሆስፒታል የልጆች ክፍል አስተኙኝ።

ሐኪሙ ረጅም ኩባዊ ነበር፤ የእጁ ጀርባ ጸጉር በጸጉር ነው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ሌሎችን ይጠራል። አንድ በአንድ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ልቤን ሰምተው፣ እርስ በርስ ተያይተው ይሄዳሉ። የሰሙትን ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ልቤ ስለ እኔ እያወራችላቸው መሰለኝ። ከቆርቆሮው ስኳር እየሰረቅኩ እቅም ነበርና፣ እሱን የምታሳብቅብኝ መስሎኝ ሲመጡ ደረቴን በሁለት እጄ እሸፍን ነበር።

እጄን ያስለቀቀችኝ ሲስተር ዘነበች ናት። ያኔ ወጣት ነርስ ነበረች፤ አፏ ፈጣን፣ መርፌዋ ግን ለስላሳ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ አስረዳችኝ። «ልብ በር አላት። ደሙ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሩ ይዘጋል። የጉሮሮ ሕመሙ ያንቺን በር አጣመመው። አሁን ደግሞ ጥርስሽ ሲነቀል በደም የገባ ጀርም እዚያ በር ላይ ሰፈረ። እሱን ነው በመርፌ የምናባርረው።»

«ስንት በር ነው ያላት?»

«አራት።»

በልቤ ቆጠርኩ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። የከተማችን ግንብ ጀጎል አምስት በር አለው፤ እኔ አራት ብቻ ካለኝ ሕመሜ ያ የጎደለው ነው አልኩ። በማግስቱ ሐኪሙ ሲመጣ «የጠፋብኝ ፈላና በር ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሲስተር ዘነበች ሳቋ መጥቶ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። ሐኪሙ አልገባውም፤ እሱም ግን ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሁሉ «ፈላና በር» ይለኝ ጀመር።

መርፌው ቀንም ሌሊትም ነው። የብርጭቆ መርፌዎቹ በብረት ድስት ይቀቀላሉ፤ ክዳኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከአጠገቤ ያለችው ልጅ ቀድማ ትነቃና «ፈላና በር፣ መጣልን!» ትለኛለች። ኢፍቱ እሷ ናት። ከሐረር ወጣ ካለ ገጠር፣ ከድሬ ጠያራ ነው የመጣችው። ዕድሜዋን ስጠይቃት «ካንቺ እበልጣለሁ» አለች፤ ጥርሷን ሳየው ግን እኩያዬ ነበረች። መንደር ውስጥ እንጥሏን ከተቆረጠች በኋላ ነው እንደ እኔ ትኩሳት የያዛት። አማርኛዋና የእኔ ኦሮምኛ እኩል ጎዶሎ ነበሩ፤ ሁለቱን ደባልቀን እናወራለን።

አንድ ቀን ከሰዓት «ያንቺን ልስማ» ብላ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች።

«ምን ይላል?»

«እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ሽውው፣ ሽውው።»

እኔም የእሷን ሰማሁ። «ያንቺ ደግሞ ሸዋ በር የሚቆመው አሮጌ አውቶቡስ ነው። ዳገቱን አይወጣም።»

«ወላሂ ውሸታም ነሽ!» ብላ ትራሷን ወረወረችብኝ። ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮን ተኛን።

እናቷ አዴ ፋጡማ ናት። «አዴ» እናት ማለት ነው፤ የኢፍቱ እናት ነች፣ እኔም እንደዚያው እላት ነበር። ከኢፍቱ አልጋ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ትተኛለች። ጠዋት ወጣ ብላ ቁጢ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ የቡና ቅጠሉን ከወተትና ከጨው ጋር አፍልታ። መጀመሪያ ለኢፍቱ፣ ቀጥሎ ለእኔ ትቀዳለች። ማታ የኢፍቱን ብርድ ልብስ ስታስተካክል እኔ የራሴን ሆን ብዬ ገፍፌ፣ የተኛሁ መስዬ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜም ትመጣልኛለች። እግሬን ሸፍና እጇን ግንባሬ ላይ ታቆየዋለች። ዓይኔን እንዳልገልጥ ስታገል የዓይኔ ቆብ ይርገበገብ ነበር፤ አውቃ ዝም እንዳለችኝ የገባኝ አሁን ነው።

አባቴ እሑድ እሑድ ይመጣል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«መርፌው?»

«ደህና ነው።»

ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እናያለን። ሲሄድ አልጋው ላይ የተቀመጠበት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል፤ እዚያ ላይ እጄን አደርጋለሁ።

አንድ ጠዋት ኩባዊው ሐኪም በሁለታችን አልጋ መሐል ቆመ። ሲስተር ዘነበች እየተረጎመች ነገረችን። መድኃኒቱ ጀርሙን ሁሉ አልገደለውም፤ የልባችንን በር በልቶታል። በሩ ላይ የተለጠፈው ነገር ተቆርሶ ወደ ራስ ከሄደ አደጋ ነው። ደረት ተከፍቶ፣ የበሰበሰው ተጠርጎ፣ የተቀደደው መሰፋት አለበት፤ የማይሰፋ ከሆነም በሌላ ይቀየራል። ይህ እዚህ አይቻልም፤ ባሕር ማዶ ነው። ለሁለት ልጆች ቦታ ተገኝቷል። ሁለታችን አንድ ላይ እንሄዳለን።

ኢፍቱ «ልባችንን አውጥተው ነው የሚያጥቡት?» አለች።

«አይደለም፤ እዚያው እንዳለች ነው።»

«እያጠቧት በምን እንኖራለን?»

ሲስተር ዘነበች ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ እጁን እያሽከረከረ «ማሽን» አለ።

«ማሽኑ የማነው?»

ሐኪሙ ወደ ሌላ አልጋ አለፈ። ኢፍቱ ወደ እኔ ዞራ «አላልኩሽም? ወፍጮ አለበት» አለችኝ።

የወላጅ ስምምነት ያስፈልጋል ተባለ። አባቴ በሥራ ቀን፣ ኮቱን ለብሶ መጣ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ጸሐፊው ወረቀት ሰጠው፤ ፈረመ፤ ራሴን ዳበስ አድርጎ «በርቺ» ብሎኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። እኔ ፈራሁ። አባቴ የፈረመበት ነገር ሁሉ ከቤታችን ወጥቶ አይመለስም ነበር፤ ሬዲዮኑም፣ የእናቴ የስፌት መኪናም። እኔንም ለኩባዎቹ የሰጠኝ መሰለኝ።

ቀጥላ አዴ ፋጡማ ወደ መስኮቱ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

«አባት ይምጣ አለኝ» አለች። «አባትማ ሚሊሺያ ሄዷል፣ መንግሥት ራሱ ነው የወሰደው አልኩት። እሱን አላውቅም፣ የአባት ፊርማ ነው የሚያስፈልገው አለኝ።»

ያንኑ ዕለት ምንጣፏን ጠቀለለች። ወደ እኔ መጥታ «ሙሉ፣ እህትሽ አደራ» አለችኝ። ለኢፍቱ «ሂንሶዳቲን» አለቻት፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ወደ ድሬ ጠያራ ሄደች።

እንደነዚያ ቀናት ብቸኝነት አይቼ አላውቅም። ይበልጥ የሚከፋው የጠያቂ ሰዓት ነው። ክፍሉ በሰው ይሞላል፤ የምግብ ሣህን ይከፈታል፣ እናቶች ይሳሳቃሉ፣ ወንዶች አልጋ ጫፍ ላይ ይጨናነቃሉ። እኔና ኢፍቱ ጋ ከእሑድ በቀር የሚመጣ የለም። ማንም እንዳያዝንልን ብለን ብርድ ልብሱን እስከ ራሳችን ስበን የተኛን እንመስላለን። አንድ ቀን የማናውቀው ሰው መጥቶ እግራችን ሥር አንዳንድ ብርቱካን አስቀምጦ ሄደ። ብርቱካኑን በእግሬ ጣት ስነካው አለቀስኩ። ኢፍቱ በብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና «ዝም በይ፣ ያዩናል» አለችኝ።

ሾርባው ሥጋ ያለበት ቀን እሷ አትቀምስም፤ የክርስቲያን እርድ ነው። ዳቦዬን እሰጣታለሁ፤ እሱንም ግማሹን ትመልስልኛለች። እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጣቷን ጭና ታነሣና የቀረውን ጎድጓዳ ታሳየኛለች፤ «እይ፣ ሊጥ ሆንኩ» ትላለች። ስትስቅ ትስል ነበር።

አዴ ፋጡማ ተመልሳ የመጣች ቀን እኔ ለጉዞው ፎቶ ልነሣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከኋላዋ ሽርጥ የታጠቀ፣ በላዩ ኮት የደረበ ሰው አለ፤ ጫማው ላይ የመንገዱ አቧራ ነጭ ሆኗል። የኢፍቱ አጎት አብዲ ነው። እነሱ ጋ አባት ከሌለ የአባት ወንድም በአባት ቦታ ይቆማል፤ ልጅ ሲዳርም ሲቀብርም እሱ ነው። አዴ ፋጡማ «አባት ይምጣ» ስትባል አባት የሚሆነውን ሰው አመጣች። ሁለቱም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው በደስታ ነው ወደ መስኮቱ የቀረቡት።

«አባት ነህ?» አለ ጸሐፊው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ስም?»

«አብዲ ኡመር።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ። «እዚህ ኢፍቱ አህመድ ነው የሚለው።»

«አህመድ ወንድሜ ነው።»

«አባት ነኝ አላልክም?»

«ነኝ እንጂ! ወንድሜ የለም፣ እኔ አለሁ። እኔ ባልኖር ለልጆቼ አባት እሱ ነው። እናንተ ጋ እንዴት ነው?»

«እኛ ጋ ውሸት ይባላል።»

አብዲ ፊቱ ጠቆረ። «ወላሂ፣ ሽበት እስካበቅል ውሸታም ያለኝ ሰው የለም» አለ፤ ድምፁ ግን ወረደ። ጸሐፊው «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

አዴ ፋጡማ አብዲን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ውስጥ ገባች ማለት ይቻላል። «እሱም ይቅር። እኔ አለሁ። እኔ ነኝ የወለድኳት» አለች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና አንሥታ «የት ላድርገው?» አለችው።

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ሴትዮ፣ ቀለሙን አታበላሺ!»

ሲስተር ዘነበች ያኔ ትሪዋን ይዛ በዚያ ታልፍ ነበር። ቆመች፤ አየች፤ አለፈች። አዴ ፋጡማ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ በኮሪደሩ ተመለሰች። በልብሷ አልጠረገችውም፤ ግድግዳም አልነካችበትም። የሚቀበላት ወረቀት ካለ ብላ ይመስለኛል፤ እስከ ኢፍቱ አልጋ ድረስ እንደቀሰረችው ሄደች።

ማታ መርፌ ልትወጋኝ ስትመጣ ሲስተር ዘነበችን «የእናት ለምን አይሆንም?» አልኳት።

«ሕጉ ነው፣ ሙሉ። የአባት ነው» አለችኝ፤ ፊቴን ሳታይ።

ሕግ ሲባል አመንኩ። ለብዙ ዓመት የጠላሁት ያንን ሕግ ነው።

ወደ ጦሩ መልእክት ተላከ ተባለ። መልስ አልመጣም። የእኔ መሄጃ ደረሰ። አዴ ፋጡማ ጸጉሬን ቅቤ ቀብታ ሠራችልኝ። ኢፍቱ በሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ጋደም ስትል መተንፈስ አቅቷታል።

«ፈላና በር» አለችኝ፣ «ማሽኑ የማን እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«አንቺ ራስሽ ትጠይቂያለሽ።»

«እንግዲያው ቀድመሽ ጠይቂ።»

በመኪና ድሬዳዋ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሄድኩ። ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የመስኮቱ ቦታ የእኔ ነበር፤ ለኢፍቱ ብዬ ትቼላት ወደ መተላለፊያው ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሄደው ነርስ «ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ፣ ደመናውን እይ» ብትለኝ እንቢ አልኩ። ደመና ሳላይ ነው የሄድኩት።

እዚያ የሆነውን ብዙ አላውቅም፤ ተኝቼ ነበር። ከበሩ ላይ ጀርሙን ጠርገው፣ የተቀደደውን ሰፍተው፣ ደረቴን በክር ገጠሙት። ስድን፣ ትንሽ አማርኛ የሚችል ተማሪ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት የማሽኑን ነገር ነው። ተርጉሞ መለሰልኝ፤ ሐኪሞቹ «የታመመ ሰው ሁሉ ነው» አሉ። ለኢፍቱ እንዳልረሳው ጠዋት ጠዋት እደግመው ነበር።

ተመልሼ ስመጣ በኢፍቱ አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ሲስተር ዘነበች «አገሯ ገባች» አለችኝ። ድና የገባች መስሎኝ ሳትሰናበተኝ በመሄዷ ተቀየምኳት።

አባቴ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከፈረመ በኋላ መመለሴ ገርሞኝ እጁን አጥብቄ ያዝኩት። ትንሽ ሰነባብቶ ሸዋ በር ገበያ ውስጥ አዴ ፋጡማን አየኋት፤ መሬት ላይ ከረጢት ዘርግታ ለውዝ ትሸጣለች። ስታየኝ ተነሣች። የቀሚሴን አንገት ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው።

«ጥሩ ሰፍተውታል» አለች።

«ኢፍቱስ?»

እፍኝ ለውዝ አንሥታ መዳፌ ላይ አፈሰሰች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «ሄደች» አለች። «አንቺ በሄድሽ፣ ጨረቃዋ ሳትሞላ።» የማሽኑን መልስ ለእሷ ልነግራት አልቻልኩም። ለውዙን ይዤ ቤት ገባሁ፤ አባቴ ደብተር እያረመ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ለልጅ ልጄ ከፈረምኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አያት ከበቃች፣ ያኔ እናት ያልበቃችበት ሕግ መቼ ነው የተሻረው? ማን ሻረው? ልጅቷ በዳነች በሳምንቱ ሲስተር ዘነበችን ፈልጌ ፈላና በር አካባቢ ቤቷ ሄድኩ። ጡረታ ወጥታ ብቻዋን ትኖራለች። በሩን ስትከፍት በከዘራ ተደግፋ ነበር፤ በድምፄ አወቀችኝ።

«ፈላና በር! ልብሽ እንዴት ናት?»

«ትሠራለች። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ። ሳይመልሱልኝ አልሄድም።»

«ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ያ የአባት ፊርማ ሕግ መቼ ነው የተሻረው?»

ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ስታስተካክል ቆየች፤ እኔም አልረዳኋትም።

«አልተሻረም» አለች።

«እንዴት አልተሻረም? እኔ ራሴ አያት ሆኜ ፈረምኩ እኮ።»

«የሚሻር ሕግ አልነበረም፣ ሙሉ። እናት ትፈርም ነበር። ያኔም ስንት እናት በዚያ መስኮት ፈርማለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ አዴ ፋጡማ እናት አልነበረችም?»

ወደ ደጁ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ በዚህኛው ጊዜ ፊቴን እያየች ነው የመለሰችልኝ።

«እነዚያ የከተማ እናቶች ነበሩ» አለችኝ።